ማሽኑ ይታደሳል፤ ዲስኩስ?

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ተጉዛችሁ ጋምቤላ ከተማ ብትገቡ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ብትቀጥሉ፣ ጊሎ ወንዝ አጠገብ አንዲት የቆላ ከተማ ታገኛላችሁ። የአኝዋክ ምድር ናት፤ ጎግ ወረዳ። ስሟን ካርታ ላይ ልፈልግ ካላችሁ ግን ትቸገራላችሁ። አንዱ ፑኝዶ ይላታል፣ ሌላው ፉኝዶ፣ ሦስተኛው ፒኝዩዶ፣ አራተኛው ፉንዪዶ። የሰማት ጸሐፊ ሁሉ ጆሮው እንደፈቀደለት ጽፏታል።

ለሰው ይሄ ችግር አይደለም፤ «ያቺው ናት» ብሎ ያልፈዋል። ለኮምፒውተር ግን አራት ስም ማለት አራት ከተማ ነው።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ዲስክ ነው። አዎ፣ ስለ ኮምፒውተር ዲስክ። «ታዲያ ፑኝዶን ምን አመጣት?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ዲስክ ላይ የሚቀመጠው ነገር ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ከፑኝዶ የተሻለ የሚያስረዳ ቦታ አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ከያኔው ደቡባዊ ሱዳን ጦርነት የሸሹ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች፣ ወላጅ ሳይከተላቸው፣ በእግራቸው ፑኝዶ ገቡ። ዓለም በኋላ «የጠፉት ልጆች» ብሎ የጠራቸው እነሱ ናቸው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ካምፑ ተበተነ። ልጆቹ የሞላውን ጊሎ እየተሻገሩ ወደ መጡበት ተመለሱ፤ ብዙዎቹን ወንዙ፣ አዞውና ጥይቱ አስቀራቸው። የተረፉት ኬንያ፣ ካኩማ ደረሱ። ከእነዚያ ውስጥ ወደ 3,800 የሚሆኑት እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 አሜሪካ ገቡ። መቼ እንደተወለዱ የሚያሳይ ወረቀት ስላልነበራቸው ለብዙዎቹ አንድ ዓይነት የልደት ቀን ተሞላላቸው፤ ጃንዋሪ 1።

የእኛ አያቶችም «ጣሊያን የገባ ዓመት» እያሉ ነው ዕድሜያቸውን የሚቆጥሩት። ግን ያንን ዓመት የሚያስታውስላቸው ጎረቤት ነበራቸው። እነዚያ ልጆች ጎረቤቱም አልነበራቸውም። ካምፑ በ1985 ዓ.ም. ገደማ እንደገና ተከፍቷል፤ ጎጆ ተሠርቷል፣ ጉድጓድ ተቆፍሯል። የልደት ቀናቸውን ግን መልሶ የሠራላቸው የለም።

ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የአንድ ቅዳሜ ማታ ወሬ

ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ጠንካራ ሰርቨር ነበረን፤ ውስጡ ሰባት ቨርቹዋል ማሽኖች። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር ነው። ኮንዶሚኒየምን አስቡት። ሕንፃው አንድ ነው፣ ቤቱ ብዙ ነው፣ እያንዳንዱ የራሱ በርና ቁልፍ አለው። ቨርቹዋል ማሽኑም ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ይመስለዋል፤ «ዲስኬ» የሚለው ግን ትልቁ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ አንድ ፋይል ነው።

ቅዳሜ ማታ የመዝገቡ ማሽን ቆመ። ዲስኩ ሞልቷል። ሲስተሙን የዘረጋው ጋሼ ለሠርግ አገር ቤት ሄዷል። ስልኩ በስንት መከራ ሲሠራ፣

«ጋሼ፣ የትኛው ዲስክ የየትኛው እንደሆነ የተጻፈ ነገር አለ?» አልኩት።

«አይ ልጄ፣ እሱ እኮ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ያለው» አለኝ።

ኔትወርኩ ተቆረጠ። እኔም በግምት ገባሁበት። የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ በእጅ ማስፋት እንደ ልብስ ማስለቀቅ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ትልቁ ሰርቨር ላይ ፋይሉ እንዲያድግ ይደረጋል። ቀጥሎ ቨርቹዋል ማሽኑ ዲስኩ ማደጉን እንዲያይ ይነገረዋል። ከዚያ የዲስኩ ክፍልፋይ ይሰፋል። ከዚያ ክፍልፋዩ ላይ የተሠራው ሎጂካል ቮልዩም ይሰፋል። በመጨረሻም ፋይል ሲስተሙ አዲሱን ቦታ እንዲጠቀምበት ይደረጋል። አምስት ደረጃ ነው፤ አንዱ ላይ የሌላ ዲስክ ስም ከጻፋችሁ አለቀ። እኔ ሦስተኛው ላይ ጻፍኩ።

የሦስት ቀን መዝገብ ጠፋ። ሰኞ ጠዋት ጸሐፊዎቹ ከወረቀት ላይ እንደገና ሲተይቡ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሻይ ሳመላልስ ዋልኩ። ወረቀቱ ባይኖርስ ኖሮ? ያቺ ጥያቄ ናት ታሪኩን እንዳነብ ያደረገችኝ።

ከ50 ሳህን እስከ አንዲት መስመር

የመጀመሪያው ገበያ የወጣ የዲስክ ማሽን የአይቢኤም ራማክ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1956። እያንዳንዳቸው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው 50 የሚሽከረከሩ ሳህኖች ነበሩት። ሁሉም ተደምረው የሚይዙት 5 ሚሊዮን ፊደል ነው። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሷት አንዲት ፎቶ ያንን ታክላለች። ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ስለነበር ዲስክ ሲሞላ ሌላ ይጨመር ማለት ሌላ ክፍል ይሠራ ማለት ነበር።

እንዲህ ውድ የሆነን ነገር ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት አያዋጣም። በ1960ዎቹ አጋማሽ በካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ፣ ሮበርት ክሪሲና ባልደረቦቹ በአይቢኤም የምርምር ማዕከል ውስጥ አንድ ሐሳብ አመጡ። አንዱን ኮምፒውተር ለብዙ ሰው እናከፋፍለው፤ እያንዳንዱም ሙሉ ማሽን የያዘ ይምሰለው አሉ። ሲፒ 40 የተባለው ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1967 አገልግሎት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ ቪኤም 370 ተብሎ ለገበያ ታወጀ። ትልቁን ዲስክም በየሰዉ ሸነሸኑት፤ ቁራጩን «ሚኒዲስክ» አሉት። በእኛ ቋንቋ የመሬት ሽንሸና ነው።

የሚገርመው ሽንሸናው የተመዘገበበት መንገድ ነው። ማውጫ የሚባል የጽሑፍ ፋይል አለ። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንዲት መስመር ትጻፋለች፤ «ኤምዲስክ 191 3330 150 10» የምትመስል። 191 የዲስኩ አድራሻ፣ 3330 የዲስኩ ሞዴል ነው። ቀሪው ከ150ኛው ሲሊንደር ጀምሮ 10 ሲሊንደር ይሰጠው ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ዲስኩን የሚገልጽ ጽሑፍ ተጽፏል። ዛሬ «ኮንፊገሬሽን» እያልን እንደ አዲስ የምናወራለት ነገር ያኔ ነበር።

ጉድለቱ ስሌቱ በእጅ መሆኑ ነው። የአንዱ ሰው ቦታ ከ150 ጀምሮ 159 ላይ ያበቃል። አስተዳዳሪው ደክሞት የሚቀጥለውን ከ158 ቢያስጀምረው ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ይጽፋሉ። ጎረቤታሞች አጥር ሲጋፉ ጩኸት ይሰማል፤ እዚህ ግን ጩኸት የለም። አንዱ የሌላውን ሥራ ያጠፋል፣ ማንም አያውቅም። ስለዚህ መደራረብንና ክፍት ቦታን የሚያሳይ ፕሮግራም ተጻፈ፤ ቆይቶም ማውጫውን ራሱ የሚያስተዳድር ሌላ ሶፍትዌር መጣ። የቨርቹዋል ማሽን ዲስክን ለማሽን አስረክቦ የማስተዳደር ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ነው። የጀመረውም ሰው ስንፍና ስለወደደ አይደለም፤ የደከመ ሰው የጻፈው ቁጥር የሌላ ሰው ሥራ ስላጠፋ ነው።

ከዚያ ዓለም ወደ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ዞረች፤ ቨርቹዋል ማሽንም ለ20 ዓመት ያህል የትልልቅ ባንኮችና ዩኒቨርሲቲዎች ነገር ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1998 ቪኤምዌር ተመሠረተ፤ በዓመቱ በተራ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ምርት አወጣ፣ በ2001 ደግሞ ለሰርቨር። በ2003 ዜን፣ በ2007 ኬቪኤም ተከተሉ፤ ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። በ1998 ሊኑክስም ሎጂካል ቮልዩም የሚባለውን አገኘ፤ ዲስክን ሳይቆርጡ ማስረዘም፣ ሁለቱን እንደ አንድ መቁጠር የሚያስችል ዘዴ ነው።

እዚህ ላይ አዲስ ፈተና መጣ። ድሮ ሰርቨር ለመጨመር ግዢ ኮሚቴ፣ ጨረታ፣ ስድስት ወር ያስፈልግ ነበር። አሁን አንድ ጠቅታ ሆነ። ሰባት የነበረው ማሽን ሰባ ሆነ። ዲስኩም በተስፋ ይታደል ጀመር። 500 ጊጋባይት ያለው ሰርቨር ለአሥር ማሽኖች ለእያንዳንዳቸው 100 ጊጋ «አላችሁ» ይላቸዋል፤ ፋይሉ የሚያድገው ግን ሲጻፍበት ብቻ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ሮቶ ማለት ነው። ሁሉም ሰው ውኃ አለኝ ብሎ ያስባል፤ በዓል ዋዜማ ሁሉም እኩል ሲከፍት ግን ቧንቧው በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሁሉም ይደርቃል። ሰባ ማሽን በእጅ እየዞረ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ የለም። ጋሼም ሠርግ ይሄዳል።

«ጨምር» እና «ይሁን»

መልሱ የመጣው ከአንድ የፊዚክስ ሰው ነው። ማርክ በርጌስ እ.ኤ.አ. በ1993 ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ የተለያየ ዓይነት ኮምፒውተሮችን በእጅ ማስተካከል ሰለቸውና ሲኤፍኤንጂን የተባለውን መሣሪያ ጻፈ። ሐሳቡን እንዲህ ላስረዳ።

«በሩን ዝጋ» ማለትና «በሩ የተዘጋ ይሁን» ማለት ይለያያሉ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው፤ ሁለተኛው ግን መሆን ያለበትን ሁኔታ ይናገራል። በሩ ቀድሞ ከተዘጋ ሁለተኛው ምንም ሥራ የለውም። ዲስክ ላይ ሲመጣ ልዩነቱ የሞት የሽረት ይሆናል። «50 ጊጋ ጨምር» የሚል ስክሪፕት በስህተት ሁለት ጊዜ ቢሮጥ 100 ጊጋ ይጨምራል። «200 ጊጋ ይሁን» የሚል ጽሑፍ ግን መቶ ጊዜ ቢሮጥ ዲስኩ ያው 200 ጊጋ ነው። መሣሪያው መጀመሪያ ያያል፣ ያነጻጽራል፣ ልዩነት ካለ ብቻ ይነካል። ኔትወርክ መሃል ላይ ቢቆረጥ፣ መብራት ቢሄድ፣ ተመልሶ ሲመጣ ከቆመበት ይጨርሳል። መብራት ለሚሄድበት አገር ከዚህ የተሻለ ፍልስፍና ከየት ይመጣል?

ከበርጌስ በኋላ ተከታዮቹ በዙ። ሉክ ኬኒስ እ.ኤ.አ. በ2005 ፓፔትን አወጣ። ሼፍ በ2009 መጣ፤ ስሙ እንደሚናገረው ትእዛዞቹን «የምግብ አሠራር»፣ ጥርቅማቸውን «የምግብ መጽሐፍ» ይላቸዋል። ሚቸል ሃሺሞቶ በ2010 ቬግራንትን አወጣና ማንኛውም ወጣት በላፕቶፑ ላይ ቨርቹዋል ማሽን ከአንድ ገጽ ጽሑፍ እንዲፈጥር አስቻለ። በ2012 የማይክል ዲሃን አንሲብል ተከተለ፤ ቃሉ ኡርሱላ ለ ጉዊን በሳይንስ ልብ ወለዷ ውስጥ የፈጠረችው ነው፤ በከዋክብት መካከል ወዲያው መልእክት የሚያደርስ መሣሪያ ስም ነው። በ2014 የሃሺሞቶ ኩባንያ ቴራፎርምን ጨመረ፤ ማሽኑን፣ ዲስኩን፣ ኔትወርኩን በሙሉ በጽሑፍ አስቀምጦ ከምንም ተነስቶ የሚገነባ።

ያቺ አምስት ደረጃ ያላት የቅዳሜ ማታ መከራዬ በአንሲብል ዐሥር የማይሞሉ መስመሮች ናት። የማሽኑ ስም፣ የዲስኩ መለያ፣ መጠኑ፣ ፋይል ሲስተሙ፣ የሚከፈትበት ቦታ። ጽሑፉ ይቀመጣል፤ ማን መቼ እንደለወጠው ይታወቃል፤ ሌላው ያነበዋል፣ «ይቺ ቁጥር ልክ ናት ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጋሼ ጭንቅላት ውስጥ የነበረው ነገር ወረቀት ላይ ወጣ ማለት ነው። ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ነጥብ ፍጥነቱ አይደለም። የአንድ ሰው እውቀት የሁሉም መሆኑ ነው።

ዲስኩ ላይ ሲደርስ

እስካሁን ሳመሰግን ቆየሁ። አሁን የማይነገረውን ልናገር።

የእነዚህ መሣሪያዎች ሰዎች የሚወዱት አንድ አነጋገር አለ፤ ሰርቨርን እንደ ቤት ውሻ በስም እየጠራችሁ አታሳድጉ፣ እንደ ከብት መንጋ ቁጠሩት፣ አንዱ ቢታመም አስወግዳችሁ ሌላ አምጡ ይላሉ። ከብት አርቢ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ኑዌር አገር ሄዳችሁ ከብት ስም የለውም ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ቢሆንም ለማሽኑ እውነት ነው። ማሽን ከጽሑፉ እንደገና ይወለዳል።

ዲስክ ግን አይወለድም። መጠኑ ይመለሳል፣ ስሙ ይመለሳል፣ ባዶነቱም አብሮ ይመለሳል። ጽሑፉ «200 ጊጋ ዲስክ ይሁን» ይላል እንጂ ውስጡ የነበረውን ሰው ስም አይይዝም።

ስለዚህ አውቶሜሽኑ ዲስክ ላይ ሲደርስ ጠባዩን መለወጥ አለበት። ቴራፎርም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዕቅዱን ያሳያል፤ ይሄ ይጨመራል፣ ይሄ ይለወጣል፣ ይሄ ይፈርስና እንደ አዲስ ይሠራል ይላል። አንዳንዴ አንዲት ትንሽ ቃል መለወጥ ዲስኩን ከማስፋት ይልቅ አፍርሶ መሥራትን ታስከትላለች። ዕቅዱን ሳያነብ «እሺ» ያለ ሰው ወዮለት። ስለዚህ «ይህ ዲስክ በምንም ምክንያት አይፍረስ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ልምድ ያለው ሰው ከሁሉ በፊት የሚጽፈው ያቺን ነው። ማስፋትና ማጥበብም እኩል አይደሉም፤ ኤክስኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም ያድጋል እንጂ አይጠብም። «ይነስ» ብሎ ማዘዝ የውስጡን መቁረጥ ነው።

ለማስረጃ አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የፕሮግራመሮች መገናኛ የሆነው ጊትላብ ውስጥ አንድ የደከመው መሐንዲስ ከሁለት ዳታቤዝ ሰርቨሮች ተጠባባቂውን የሚያጸዳ መስሎት ዋናውን አጸዳ። ከአፍታ በኋላ ሲነቃ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋ ነበር። «ባክአፕ አለን» አሉ። በየቀኑ በራሱ የሚሠራው ባክአፕ በሶፍትዌር ዕትም አለመጣጣም ሲከሽፍ ቆይቷል፤ መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም ለማንም ሳይደርስ ቀርቷል። ያዳናቸው አንድ ባልደረባቸው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጁ ያነሳው የዲስክ ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓት መረጃ ጠፋ። ኩባንያው ጥፋቱን ሳይደብቅ ለሁሉም አሳየ፤ ለዚህ ክብር ይገባዋል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። በእጅ የሚሠራ ሥራ ድካም ላይ ይወድቃል። በራሱ የሚሠራም ሥራ ማንም ካላየው ዝም ብሎ ይሞታል። ባክአፕ አለ የሚባለው ተመልሶ ሲከፈት ብቻ ነው።

ወደ ፑኝዶ እንመለስ

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ፕሮግሬስ የተባለውን የምዝገባ ሶፍትዌር በየአገሩ ማሰማራት የጀመረው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ነው። በፊተኞቹ ዕትሞች እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የራሱ ዳታቤዝ ነበረው፤ መረጃው ወደ ላይ የሚሄደው እየተገለበጠ ነው። ይህ ማለት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ መብራቱ በጄኔሬተር በሆነበት ቦታ የሚቀመጥ እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን ጋሼ ይፈልጋል ማለት ነው። አራተኛው ዕትም ሲመጣ ዳታቤዙ ማዕከላዊ ሆነ። ከጣት አሻራና ከዓይን ብሌን ጋር የሚሠራው የመለያ ሲስተም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ማላዊ ውስጥ ድዛሌካ ካምፕ ተሞክሮ በ2015 ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። ኢትዮጵያም በ2017 ሰፊውን ምዝገባ ጀመረች።

ይህን ለምን እንደሚያደርጉት የሚገባችሁ የከተማዋን አራት ስም ስታስታውሱ ነው። ሊኑክስ ላይ ዲስክ «ኤስዲቢ» ተብሎ ሊጠራ ይችላል፤ ማሽኑ ተነስቶ ሲመለስ ግን ያው ዲስክ «ኤስዲሲ» ሊሆን ይችላል፤ ስሙ የሚሰጠው ማን ቀድሞ ተገኘ በሚል ነውና። የቅዳሜው ስህተቴ መነሻ ይኸው ነው። ስለዚህ ጥሩ ኮንፊገሬሽን በስም አይተማመንም፤ ዲስኩ ላይ የተጻፈውን የማይለወጥ ረጅም መለያ ይጠቀማል። አንዲት እናትም ስሟ በአንዱ ጸሐፊ እንዲህ፣ በሌላው እንዲያ ተጽፎ ሁለት ሴት ልትሆን ትችላለች። አሻራዋ ግን አንድ ነው።

ውጤቱ ትልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ በኢትዮጵያ ያሉ ስደተኞች ከ900 ሺህ በላይ ይባሉ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቁጥሩ ከ750 ሺህ በታች ሆነ፤ በዋናነት መዝገቡ ስለጠራ ነው። መጥራቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ስም ከመዝገብ ሲወጣ ራሽኑም ይቆማል። ካምፑ ውስጥ ያለ ሰው «ሲስተሙ አላገኘዎትም» ሲባል ይግባኝ የሚልበት ሰው ያስፈልገዋል። ማሽኑ «ይህ ተደጋግሟል» ማለት ይችላል፤ «ይፍረስ» የሚለውን ግን ሰው አንብቦ ይፈርምበት። «ይህ አይፍረስ» የሚለው መስመር እዚህም ያስፈልጋል።

ሌላም መልካም ነገር ተደርጓል። በአዋጅ ቁጥር 1049/2009 የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሕጉ ተሻሽሎ ስደተኞችን ጨመረ፤ ጥቅምት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. ምዝገባው በይፋ ተጀመረ። ዛሬ ፑኝዶ ካምፕ ውስጥ የሚወለድ ሕፃን የልደት የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይችላል፤ ጃንዋሪ 1 የግድ አይሆንበትም። የአስተናጋጁ የአኝዋክ ልጅም እንዲሁ፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የወጣው የፋይዳ መታወቂያም የእሱንም መረጃ አንድ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ሁላችንም የሆነ ቦታ፣ የሆነ ቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ላይ አለን።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ያቺን መስመር የሚጽፈው ማነው? በታሪኩ መጨረሻ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። አንሲብልን ሬድ ሃት በ2015 ገዛው፣ ሬድ ሃትን አይቢኤም በ2019 ገዛው። የቴራፎርም ባለቤት በ2023 የፈቃድ ውሉን አጠበቀ፤ ቅር ያላቸው ሰዎች ኦፕንቶፉ የሚባል ነፃ ቅጂ ይዘው ወጡ፤ ኩባንያውን ራሱን ደግሞ በ2025 አይቢኤም ጠቀለለው። በ1972 «ኤምዲስክ» የምትለዋን መስመር ያጻፈው ድርጅት ከ50 ዓመት በኋላ ሁለቱንም መሣሪያዎች ይዟል። መሣሪያ ባለቤቱን ይለውጣል። የጻፋችሁት ጽሑፍ ግን የእናንተ ነው፤ መሣሪያው ቢቀየር እንኳ ሰው ያነበዋል።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ላላችሁ ወጣቶች የምለው አጭር ነው። የምታውቁትን ጻፉት። ዲስኩን በስሙ ሳይሆን በመለያው ጥሩት። የማይፈርሰውን አስቀድማችሁ አይፍረስ በሉ። ባክአፑን በወር አንድ ቀን ከፍታችሁ እዩት። ሠርግ ስትሄዱም ስልካችሁን ሳይሆን ጽሑፋችሁን ትታችሁ ሂዱ።

በነገራችን ላይ ጋሼ ከሠርጉ ሲመለስ አልተቆጣኝም። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ደብተር አወጣ፣ «በል ልጄ፣ እኔ ልናገር አንተ ጻፍ» አለኝ። እስከ ምሽት ጻፍን።